ቅናትና ምቀኝነት

የእንግሊዝኛ ቋንቋ «ጀለሲ» እና «ኤንቪ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይሰማል፤ የጎረቤቱን አዲስ ቤት አይቶ የተመኘ ሰው ስሜቱን በመጀመሪያው ቃል ይገልጻል። አማርኛ ግን ቅናትና ምቀኝነት ብሎ ለይቷቸዋል። ልዩነቱም የመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን የሕሊና ጉዳይ ነው።

ቀናተኛ የእኔ የሚለው እንዳይወሰድበት ይፈራል፤ ምቀኛን የሚያመው ግን በሌላው እጅ ያለው ነው። የቃላቱም ትውልድ ይህንኑ ይመሰክራል። «ጀለሲ» የመጣው «ዜሎስ» ከተባለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ የትጋትና የተቆርቋሪነት መጠሪያ የሆነው «ዚል» የተወለደውም ከዚያው ግንድ ነው። የግዕዙ «ቅንዓት» እንዲሁ ሁለቱንም ፍች ያዘለ በመሆኑ፣ ዛሬም «መንፈሳዊ ቅናት» ይባላል። «ኤንቪ» ግን በክፉ ዓይን ማየት የሚል ፍች ካለው የላቲን ግሥ ይነሣል። አርስቶትልም «ሬቶሪክ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ «እኔም ላግኝ» የሚለውን ስሜት ለደጋጎች፣ «እርሱ አያግኝ» የሚለውን ለወራዶች ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ቅናትም ንጹሕ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ»፣ ባለ ታሪኩ ንጽሕት ሚስቱን በቅናት ይገድላል፤ እውነቱ ሲገለጥለት ግን በራሱ ላይ ይፈርዳል። ኢያጎ ከዚህ የተለየ ነው። ቂሙ የተቀሰቀሰው የተመኘው ሹመት ለካሲዮ በመሰጠቱ ነበር። በተንኮሉ ካሲዮን አሽሮ ሹመቱን ከወሰደ በኋላ እንኳ ጥፋቱን አያቆምም። ምቀኝነት በማግኘት አይጠግብምና። ደግሞም ኢያጎ፣ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ሳይማግጥ አልቀረም እያለ ክፋቱን የቀናተኛ ባል ቁጣ ያስመስለዋል።

የሁለቱ ቃላት መደባለቅ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ምቀኛ ነኝ የሚል ሰው አይገኝም። ለሥራው፣ ለእውነት ወይም ለወገን ክብር ቀናሁ የሚል ግን ሞልቷል፤ ከእነዚህም መካከል እውነተኛ ተቆርቋሪ አለ፣ የኢያጎ ወንድምም አለ። ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። በባልንጀራው ላይ ጣቱን የሚቀስር ግን ራሱን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ይኸውም፦ «ያ ሰው ያለውን ሁሉ ቢያጣና ለእኔ አንዳች ባይተርፈኝ፣ ደስ ይለኝ ይሆን?» የሚል ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ስሙ ቅናት አይደለም።