ሳጥኑ ለማን ይታመን?

ከሚሴ ውስጥ፣ አዲስ አበባን ከደሴ ከሚያገናኘው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል፣ የአጎቴ ልጅ ስፒከር ይሠራል። ከፋብሪካ የመጣ ሙሉ ዕቃ አይገጣጥምም። ከአሮጌ መኪና የወጣ የባስ ስፒከር፣ ከተጣለ ቴፕ የተነቀለች ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ትንሿ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላና ቪቴ ካገኘ ይበቃዋል፤ ሳጥኑን ራሱ ለክቶ ራሱ ይቆርጣል። በሰዉ አፍ ይህ ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው። (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን ትልቅ ድምፅ ማጉያን ሁሉ በሱ ጠርተነው ቀረን።)

ባለፈው ክረምት እሱ ዘንድ ተቀምጬ ስውል አንድ ነገር አስተዋልሁ። ለደንበኛ የሚሸጣቸው ሳጥኖች ሰፊ ቀዳዳ አላቸው፤ ሲከፈቱ ደረት ይመታሉ። ለራሱ የሠራቸው ሁለቱ ግን ትናንሾች፣ ድፍኖች፣ ድምፃቸውም ደረቅ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እነዚያ ያታልላሉ፤ እነዚህ አያታልሉም» አለኝ።

«ታዲያ ለሰው የምትሸጠው የሚያታልለውን ነው?»

«ሰው የሚፈልገው እሱን ነዋ! እኔ ምን ላድርግ?»

ይህ መልስ እስከ ዶርም ድረስ ተከተለኝ። ንጹሑን ማር ለራሱ አስቀምጦ ስኳር የገባበትን ለገበያ የሚያወጣ ሰው ሌባ እንለዋለን። ይኸኛውስ? ልዩነቱ ገዢው ራሱ «ስኳሩን ጨምርልኝ» ማለቱ ነው። ግን ገዢው ስኳር መሆኑን ያውቃል ወይ?

በመጀመሪያ ሳጥን እንዴት እንደሚዋሽ ልንገራችሁ። ስፒከር ማለት በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅልና ከሱ ጋር የተጣበቀ ወረቀት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሽቦውን ሲገፋና ሲስብ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል፣ ይስባል። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ካሳዩት ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ችግሩ ወረቀቱ ፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ ከኋላው ያለውን መሳቡ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ከፊትና ከኋላ ተገናኝቶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሳጥን ያስፈለገው የኋላውን ለማፈን ነው። ሳጥኑን ቀዳዳ ካበጃችሁለት ደግሞ፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር የጠርሙስ አፍ ሲነፋ እንደሚጮኸው በአንድ ቃና ይርገበገባል። ልኩ ከታወቀ ይህ ለባሱ ብርታት ነው። ልኩ ከተሳተ ግን ሳጥኑ የራሱን ዘፈን ይጀምራል፦ ባስ ጊታርም ቢሆን፣ ከበሮም ቢሆን ያው አንድ «ጉም» ነው። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ፣ የሳጥኑን ስፋት ከስፒከሩ ጠባይ ተነስቶ አስቀድሞ በስሌት ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። የአጎቴ ልጅ የነሱን ስም አልሰማም። ነገር ግን ከስልኩ ቃና እያወጣ ወረቀቱ የትኛው ላይ ይበልጥ እንደሚንቀጠቀጥ በጣቱ ይዳስሳል፤ «ይኼ የራሱ ድምፅ ነው፣ ይኼን ነው ማሰር» ይላል። እንግዲህ የሚያታልለውን ሳጥን ሲሠራ በስህተት አይደለም፤ እያወቀ ነው።

ዶርማችን ውስጥ ካንትን የሚወድ ልጅ አለ። ነገሩን ስነግረው አልዘገየም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ነፍሰ ገዳይ ደጅህ ቆሞ ወዳጅህ የት እንደተደበቀ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ብሎ የለም ወይ፣ ለባስ ሲባል ነው ታዲያ የሚዋሸው? አለኝ። እኔ በበኩሌ ይህን አልተቀበልሁትም። ሳጥን ምስክር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሲዘፍን ለማንም ቃል አልገባም። ወጥ ላይ ቅቤ የጨመረ ሰው ስለ ሽሮው ዋሸ አይባልም።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህ የባሰ ውስብስብ ነው። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ማታ ልጆቹ እንዳይነቁበት ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ አባወራ ሚዛኑን የጠበቀ ሳጥን ብትሰጡት የሚደርሰው የሳሳ ነገር ነው፤ ባሱን የሚያጋንነው ግን ዘፋኙ ወደነበረበት ክፍል ይበልጥ ያቀርበዋል። ውሸታሙ ሳጥን እውነት ተናገረ ማለት ነው። ክፍሉም የራሱን ይጨምራል። ግድግዳና ግድግዳው 3.4 ሜትር የሚራራቅ ክፍል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይዞ ያስተጋባል፤ ግድግዳው ሥር ይጮኻል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ሲጨመርበትማ፣ የትኛውን እውነት ነው የምትሸጥልኝ ያሰኛል።

እስከዚህ ድረስ የአጎቴ ልጅ ነጻ ነው እል ነበር። ሐሳቤን የለወጠው አንድ መንዙማ ነው።

ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም በዐረብኛም ይወርዳል። ከጨፋ ሜዳ ዳር ባለ መንደር አንድ ሸምገል ያሉ አውራጅ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። በመንፈቁ ዕረፍት፣ አፋሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ቦርከና ረግረግ በሚወርዱበት የበጋ ሰሞን፣ ሐድራቸውን እንድንቀዳ ፈቀዱልን። አንድ ማይክ ከፊታቸው፣ አንድ ማይክ ከድቤ መቺው አጠገብ አቆምን። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ እየጤሰ ሌሊቱን ሙሉ ቀዳን።

ከዚያ ሁለቱን ድምፆች አመጣጥኖ አንድ የማድረጉ ሥራ መጣ፤ ባለሙያዎቹ ሚክስ የሚሉት ማለት ነው። ትንንሾቹን ሳጥኖች ሰው ተውሷቸው ስለነበር የሠራነው ለደንበኛ በተዘጋጁት በትልልቆቹ ነው። ድቤው ክፍሏን አናጋት። «ይኼ በዛ» እያልን ቀነስን፣ ደሞ ቀነስን። ሲጥመን አቆምን። የማስታወሻ ካርዱ ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ቅጂ አጠፋነው።

ሼሁ በልጃቸው ስልክ ሰሙት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ ድቤውን ማን ወሰደው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኛ ጥፋቱን ለስልኩ ሰጠነው፤ ስልክ ባስ የት አለው! በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩን ለምነን አስከፈትነው፤ እዚያም የለም። በጆሮ ማዳመጫም የለም። ከዚያ ወዲያ የባሰውን አስተዋልሁ፦ ድቤው ሲጠፋ ተቀባዮቹ የዘገዩ ይመስላሉ። መግቢያቸውን የሚነግራቸው እሱ ነበራ! ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሲቀበሉ የኖሩ ሰዎች በእኛ ቅጂ ላይ ሥራቸውን የማያውቁ ሆነው ቀሩ። ሼሁም ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ደክሞ አያወርዱም።

የሆነው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ የምሰማበት ሳጥን ባስ ቢያጋንን ጨመረልኝ፤ ነገሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። የምሠራበት ሳጥን ሲያጋንን ግን እጄ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሳጥኑ የጨመረው ተገልብጦ፣ ጉድለት ሆኖ ሥራው ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ከሚሴ ይቀራል፣ ጉድለቱ በየሚኒባሱ ይዞራል። ለካንታዊው ጓደኛዬም መመለስ የነበረብኝ ይኸንን ነበር፤ አንዱ ሳጥን፣ አንዱ ውሸት፣ ከሱ ሰምቶ ስለ ሌላ ሰው የሚፈርድ ሲኖርና ሳይኖር አንድ አይደለም። አምሃ እሸቱ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ዛሬም የምንሰማቸው ያኔ በተቀረጹበት ሚዛን ነው፤ ያኔ የተሳተ ነገር ቢኖር ወደዚያ ክፍል ተመልሶ የሚያቃናው የለም።

ታዲያ ለሥራ የሚሆነው ሳጥን ፍጹም እውነተኛ ነው? እሱም አይደለም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤን ኤስ 10 የተባለውን፣ ነጭ ወረቀት ያለውን ትንሽ ስፒከር ለቤት ብሎ አወጣው፤ ለቤት ግን አልተወደደም። ባሱ ጎደሎ፣ መካከለኛው ድምፅ ጯሂ ነው፤ ቀጭኑ ጆሮ ስለሚወጋም ፊቱ ላይ ስስ የሶፍት ወረቀት የሚለጥፉበት ነበሩ። ይኸው ሳጥን በብዙ የዓለም ስቱዲዮዎች ገብቶ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2001 ካቆመው በኋላም የባለሙያዎች መመዘኛ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን የመረመሩ ሰዎች ካገኙት አንዱ፣ ድፍን ሳጥን በመሆኑ ድምፁ ሲቆም እሱም ወዲያው መቆሙ ነው። አይጎትትም፤ በዝምታው መካከል የራሱን አይጨምርም። (ስለ ሰው በሚያወራ ሰው ላይም ይኸንኑ ጠባይ ባገኝ እወድ ነበር።)

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ድቤው በእውነት ምን ያህል ይሰማ ነበር? ከመቺው አጠገብ ለተቀመጠ ሰው መንዙማውን ሊውጠው ደርሶ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ለነበሩት እናቶች ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ጭብጨባው ይሰማ ነበር። ሐድራ የወንበር ቁጥር የለውም። ስለዚህ «እንደነበረው» ማለት ባዶ ቃል ነው የሚል ቢመጣ ግማሹን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ድቤውን ያልሰማ አንድም አልነበረም። በዚያች ሌሊት ስንት እውነት እንደነበረ ባልቆጥረውም፣ የእኛ ቅጂ ከአንዱም ጋር አይገጥምም።

«ሰው የሚፈልገው እሱን ነው» የሚለውም ቢሆን እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ ሸሽጎ፣ የድምፃቸውን ከፍታ አስተካክሎ ሰዎችን ሲያስመርጥ፣ አብዛኞቹ የመረጡት ሚዛኑን የጠበቀውን፣ የራሱን ቀለም የማይጨምረውን ነው። ከፍታውን ማስተካከሉ ዋናው ነገር ነው፤ ገበያ ላይ ይበልጥ የጮኸው ያሸንፋላ። እኛም ነጠላ ጋርደን ለጎረቤት ሞከርነው። ወጣቶቹ ትልቁን አሉ። አንዲት እናት ግን «ያኛው ይሻለኛል፣ ቃሉ ይገባኛል» ብለው ትንሹን መረጡ። የአጎቴ ልጅ «እሳቸው እኮ ስፒከር አይገዙም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሁን ከትልልቆቹ ሳጥኖች ጀርባ በጠመኔ «ለመስሚያ» ብሎ ይጽፋል፤ በትንንሾቹ ላይ «ለሥራ»። ጠመኔ ይለቃልና በቀለም አድርገው ብዬዋለሁ፤ «ገዢው ምንድነው ይኼ ሲለኝ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነዋ» ብሎ ሳቀ። ለክረምት ስመለስ የሼሁ ልጅ ሊያወርድልን ቃል ገብቷል። ድቤ መቺው የቀድሞው ናቸው። ማይኩን የት እንደምናቆመው ግን እስካሁን አልተስማማንም።