የተወራለትና የተወራበት

የዘፋኞችን ሠርግና ፍቺ፣ የተዋንያንን ፍቅርና ጠብ እየለቀመ የሚያትም መጽሔት ሊነበብ ይገባዋልን? ጥያቄው ለተማረ ሰው ሲቀርብለት መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ፊቱን ቅጭም ያደርግና «የሥራ ፈቶች ወሬ» ይላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ ስል ኖሬያለሁ። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ቃል እየመለስኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው በመሆኔ፣ የቃል ክብር ከሌላው ሰው ይልቅ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን ትምክህቴን የሰበረው መጽሐፍ አይደለም፤ በሐምዳይት አንዲት እናት የጠየቀችኝ አጭር ጥያቄ ነው። ወደ እርሷ ከመድረሴ በፊት ግን ለተናቀው መጽሔት ጥቂት ጥብቅና ልቁም።

በገዳሪፍ የአማርኛ መጽሔት ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከመተማ በጋላባት በኩል የሚሻገሩ ነጋዴዎች ከሸቀጣቸው መካከል አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ቅጂ ይዘው ይመጡ ነበር። ወሬው ወር ወይም ሁለት ወር አልፎበታል። ሽፋኑ ተቀዶ፣ የቡና ጠብታ አርፎበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቡና በሚፈላበት ቤት ማንበብ የሚችል ሰው ለማይችሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንባቢው እኔ ነበርኩ። የናቅሁትን ነገር ጮክ ብዬ አነብ ነበር ማለት ነው! ታዲያ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የአንዲት ዘፋኝ ፍቺ ሲነሣ፣ ባልና ሚስት ገንዘባቸውን በአንድ ይያዙ ወይስ ለየብቻ፣ ልጅ ከማን ጋር ይደግ፣ ተሰዶ የቀረ ባል ስንት ዓመት ይጠበቃል የሚል ክርክር ይከተላል። እነዚህ ጥያቄዎች እዚያው ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሰዎች የየራሳቸው ቁስሎች ነበሩ፤ በራሳቸው ስም ሊያነሷቸው ግን አይደፍሩም። ሩቅ ያለችው ዘፋኝ ሳታውቀው ስሟን አበደረቻቸው። ሁሉም የሁሉን ደጅ በሚያውቅበት የስደተኛ ሰፈር፣ ስለ ሩቅ ሰው ማውራት ለቅርብ ጎረቤት እፎይታ ነው።

ደግሞም በእኛ ባህል ሐሜት የደካማው ሰው ችሎት ሆኖ ኖሯል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ የማይከሰሰው ይታማ ነበር። መኳንንቱም «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያጠያይቁ የነበረው፣ የሕዝብ ልብ ከአደባባይ ይልቅ በሜዳ ዘፈን ውስጥ እንደሚገኝ ስለሚያውቁ ነው። ለረጅም ዘመን ጽሑፍ ሁሉ በሳንሱር እጅ ሲያልፍ ከኖረ በኋላ፣ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ታወጀ። የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ሕዝቡ የተራበው ፖለቲካን ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታየ፤ የሰው ኑሮ፣ የሰው ጓዳ፣ የሰው ፍቅርም ርቦት ኖሯል።

ይሁንና የእኔ ጥብቅና እዚህ ላይ ይላላል። በዚያው በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን ገሠሠ አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ማን? ለምን? እንዴት? ለእነዚህ ጥያቄዎች ስንት ዓይነት መልስ ተሰጠ! መልሶቹም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ጥላሁን ከሞት ተርፎ እንደገና ዘፈነ። በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩን አጣ። በ2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን ሲያርፍ አገር አለቀሰለት፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም በክብር ተቀበረ። ያ ጥያቄ ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ጥላ ተከትሎታል። ስለዚሁ ጉዳት የተጻፈ አንድ ገጽ በገዳሪፍ ለሰዎች ሳነብ አፌን እየጣፈጠኝ እንደነበር ዛሬ አስታውሳለሁ። ጥላሁን ግብር አልጣለብንም፣ አላሰረንም፤ የእረኛው ዘፈን የሚነካው ዓይነት ሹም አልነበረም። ድምፁን ያህል ነገር ሰጥቶኝ ሳለ፣ ያልሰጠኝን ቁስሉን ጭምር የጠየቅሁት በምን መብት ነው?

በዐረብኛ ሐሜት «ጊባ» ይባላል። ቃሉ ሥሩ ከመቅረት፣ ካለመገኘት ጋር አንድ ነው፤ «ጋኢብ» ማለት የሌለ ሰው ነው። በእስልምና ትምህርት ጊባ ማለት ወንድምህን በሌለበት፣ በሚጠላው ነገር ማንሣት ነው። የተባለው እውነት ቢሆንም ጊባነቱ አይቀርም፤ ሐሰት ከሆነማ ስሙ ይለወጥና «ቡህታን» ይሆናል። እኛ ግን «እውነቱን ነው የተናገርኩት» ካልን ክርክሩ ያለቀ ይመስለናል። ስንቱን መጽሔት የነቀፍነው «ይዋሻል» በማለት ብቻ ነው። የማይዋሸውስ?

አሁን ወደ ሐምዳይት ልሂድ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱን ሸሽተው፣ እኛ ተከዜ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ወንዝ እየተሻገሩ ወደዚያች የድንበር መንደር የገቡት ሰዎች በዐሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ጋዜጠኞችም ተከትለው መጡ። እኔም ከሩቅ አገር ለመጣ አንድ ጋዜጠኛ አስተረጎምኩ። የዘፋኝ ፍቺ የሚያትም አልነበረም፤ የተከበረ፣ ቁም ነገረኛ ጋዜጣ ነበረው። አንዲት እናት አነጋገርን። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ጋዜጠኛው ማስታወሻውን ካጠፈ በኋላ፣ ስለ ቤተሰቧ አንድ ነገር ነገረችኝ። «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አስተርጓሚ አፉን መዝጋት አያውቅም።

ጽሑፉ ከፎቶዋ ጋር ወጣ። ከወራት በኋላ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ሳገኛት ነገሩ በዘመድ ስልክ ደርሷት ነበር። አልጮኸችብኝም።

«ወንድሜ፣ ምን ብለህ ነገርክብኝ?» አለችኝ።

ከነገረችን ውጪ አንዲት ቃል እንዳልጨመርኩ ማልኩላት።

«ውሸት ነው መች አልኩህ? እኔ የነገርኩህ ለአንተ ነበር።»

«ነገርክልኝ» ብትል ኖሮ ምስጋና ይሆን ነበር። አንዲት ፊደል ለውጣ «ነገርክብኝ» አለች። ቋንቋችን ለዚህ ያለው ጥንቃቄ ያስደንቃል፤ አንድ ነገር ሲነገር ለሰውየው ነው ወይስ በሰውየው ላይ፣ ግሡ ራሱ ሳይነግረን አያልፍም። ያንኑ እውነት፣ በዚያው ቃል፣ ለሰው ማውራትም በሰው ላይ ማውራትም ይቻላል። ሃያ ዓመት ያህል ቃል ስመዝን ይህችን ፊደል ሳልመዝናት ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሕጉን አገላበጥኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው ዝነኛ ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ሕጉ ከወንዙ ማዶ አይሠራም፤ ሐሳቡ ግን ይሻገራል። ዘፋኙና ስደተኛዋ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እርሱን ዝናው፣ እርሷን መከራዋ አደባባይ አውጥቷቸዋል። ልዩነቱ፣ እርሱ መልስ የሚሰጥበት ማይክሮፎን አለው።

በእንግሊዝ አገር 168 ዓመት የኖረው ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተባለ ጋዜጣ በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተዘጋው፣ ተገድላ የተገኘች ልጃገረድ ጠፍታ ስትፈለግ ሳለ በስልኳ የተቀመጡ የድምፅ መልእክቶችን በስውር መስማቱ ሲጋለጥ ነው። የዝነኞችን ስልክ እንደሚሰልል ከዚያ ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር፤ አንባቢው ግን መግዛቱን አላቆመም። በታወቀው ሰው ላይ የተለማመደ እጅ ወደማይታወቀው ለመዞር ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። እኔም አፌን በጥላሁን ቁስል አጣፍጬ በሐምዳይት ባልዘጋው ምን ይደንቃል?

እንግዲህ መጽሔቱ ይነበብ ወይስ ይጣል ለሚለው፣ ይነበብ ባይ ነኝ። በቡና ቤት ያየሁትን ጥቅም መካድ አልችልም። ዛሬ አብዛኛው ወሬ ከወረቀት ወደ ስልክ ገብቷል፤ የቡና ቤቱም ሰዎች ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ተበትነዋል። ነገር ግን በማንኛውም ገጽ ላይ ልጠይቀው የምችለው ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ሰው አሁን በሩን ከፍቶ ቢገባና አጠገቤ ቢቀመጥ ማንበቤን እቀጥላለሁን? ስለ አዲስ ካሴቱ፣ ስለ ሠርጉ፣ ራሱ ስለተናገረው ኀዘኑ ከሆነ እቀጥላለሁ፤ እንዲያውም ቡና እቀዳለታለሁ። የማልቀጥልባቸው ገጾች አሉ። ቁም ነገረኛ በሚባሉት ጋዜጦችም ውስጥ አሉ፤ ምናልባትም ይበዛሉ።

ስለዚህች እናት ለመጻፍ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። እሳት ዳር የነገረችኝን ግን አልጻፍኩትም።

ያን ዕለት በኡም ራኩባ፣ ከተቆጣችኝ በኋላ፣ ከማዳበሪያ ከረጢቷ ውስጥ አንድ የተጣጠፈ መጽሔት አወጣች። ልጇ ታነበው የነበረ ነው፤ ከቤት ሲወጡ ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጥቷል። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም። «ልጄ በዚህ ላይ ምን ታይ እንደነበር አንብብልኝ» አለችኝ። የአንዲት ተዋናይት ታሪክ ነበር። ልጅነቷን አነበብኩላት፣ የመጀመሪያ ፊልሟን አነበብኩላት። «የቅርብ ወዳጆቿ እንደሚሉት» ወደሚል አንቀጽ ስደርስ እጇን አነሣች።

«ይኼንን እለፈው» አለችኝ። «ቀጥሎ ምን ይላል?»

ገጹን ገለጥኩ።