የመጀመሪያዋ ምሽት

የእህቴ ልጅ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሮም ልትሄድ ነው። በረራው የሌሊት ነው፤ እንቅልፍ አጥታ ጠዋት ትደርሳለች። ባለፈው እሑድ ቤት መጥታ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ኮሎሲየም፣ ፓንቴዮን፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎች፤ ሁሉም በመጀመሪያዋ ምሽት። «ጋሼ፣ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ፤ ይኼ ይበቃል?» አለችኝ። «ለእግርሽ ከበቂም በላይ ነው» አልኳት።

ያን ዕለት አባቴ ከመንዝ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሲሰሙን ቆይተው፣ «ጣሊያን አገር ሄዳ ልትዝናና ነው?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጅቷ ወረቀቷን አጠፈች።

አባቴ ነገሩን ከመጽሐፍ አላገኙትም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለ ቦታ፣ ሕዝቡ አመጸኛ ዋሻ የሚለው ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን የአበበ አረጋይ ሰዎች ከነሴቱ፣ ከነሕፃኑ፣ ከነቁስለኛው ከበባቸው። የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው። እጃቸውን ከሰጡት ወንዶችም ብዙዎቹን ረሸነ። አባቴ ያኔ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። አጎታቸው ከዚያ ዋሻ አልተመለሱም።

ታዲያ እንዲህ ካለ ቤት የወጣች ልጅ ሮም ላይ እግሯን ዘርግታ አይስክሬም እየበላች ማምሸት ይገባታል? ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንዱ «ያለፈው አለፈ፣ ተዝናኚ» ይላል። ሌላው «ደማቸውን ረግጠሽ?» ብሎ ይቆጣል። መቼም ሁለቱም ለተናጋሪው ይቀልሉታል። የመጀመሪያው ከማስታወስ ያሳርፈዋል፣ ሁለተኛው ከማሰብ። እኔ ግን ሦስተኛውን መልስ ያገኘሁት እዚያው መንዝ ነው።

መንዝ ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ፣ ሲመሽ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው መንገደኛ ማታ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ሲል ነው። «ማነው?» ሲባል «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ሙቅ ውሃ ቀርቦ እግሩ ይታጠባል። የገብስ እንጀራውም ጠላውም ይቀርባል፤ ባናው ይነጠፍለታል። ከየት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ፣ ምን ጉዳይ አለህ የሚለው ጥያቄ እስኪበላና እስኪያርፍ ይቆያል። ይኼ ጥያቄውን መርሳት አይደለም፤ ተራውን መጠበቅ ነው። በደከመ ሰው ላይ የሚቀርብ ጥያቄም ሆነ ከደከመ ሰው የሚወጣ ፍርድ ቀና አይሆንም።

እንግዳውም የራሱ ግዴታ አለበት። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራል። ግባ እስኪባል ይጠብቃል፤ የተሰጠውን ቦታ ይቀመጣል፤ ጓዳ አይገባም። እንግዳንና ወራሪን የሚለየው እንግዲህ ይኼ ነው፤ የመጀመሪያዋ ምሽት። በ1931 ዘረት የደረሰው ጦር «ቤቶች!» አላለም።

ይህን ስል የልጅቷ ወረቀት ትዝ አለኝ። በአንድ ምሽት አራት ቦታ፣ በሰዓት ተከፋፍሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ «ይኼም ተያዘ» ተብሎ የሚሰረዝ። እንዲያው ሳየው የዘመቻ ዕቅድ መሰለኝ። በእርግጥ ካሜራና መርዝ አንድ አይደሉም። ግን አገሩን ሳይጠይቁ አገሩን ለመያዝ መቸኮል ትንሽ ዘር ሳይኖረው አይቀርም።

«ግን ጋሼ፣ እኔ የማንም እንግዳ አይደለሁም፤ ሆቴሉን የምንከፍለው በገንዘባችን ነው» አለችኝ። ጥሩ ክርክር ነው። ገንዘብ አልጋ ይከራያል። ከተማን ግን አይከራይም። መንገዱ፣ ቋንቋው፣ ሰው የሚበላበት ሰዓት የሌላ ሰው ቤት ነው።

ስለዚህ እንዲህ መከርኳት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ባቡሩ ቴርሚኒ ጣቢያ ያወርድሻል። ከጣቢያው ስትወጪ የምትረግጪው ሰፊ አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። አየሽ፣ ከተማዋ ገና በበሯ ላይ የእኛንና የእነሱን ነገር ታነሳለች፤ ግን በእነሱ ወገን ብቻ። ስሙን እወቂና እለፊ። በቀን ተኚ። ሲመሽ ከሆቴልሽ ብዙ አትራቂ። በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈሱ፣ ናዞኒ የሚባሉ ከ2,000 በላይ የውሃ ቧንቧዎች አሉ፤ ውሃው ንጹሕ ነው፣ በነፃ ነው፤ ከእሱ ጠጪ። ያም የእንግዳ ውሃ ነው። ሰዉ ሥራ ፈትቶ በዝግታ ሲንሸራሸር ተመልከቺ፤ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ነው፣ ጠብቂ። ሌላ አትጨምሪ። ኮሎሲየም 2,000 ዓመት ገደማ ቆሟል፤ እስከ ነገ ይቆይሻል።

ስለ ዘረት ብዙዎቻችን በስፋት የሰማነውም እኮ ከጣሊያን በመጣ ጠያቂ በኩል ነው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ የገዛ አገሩን ጦር መዛግብት አገላብጦ፣ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ መጣ። የአያቶቹ ዘመን ሰዎች በጦር የመጡበትን መንገድ እሱ በጥያቄ መጣበት።

ልጅቷ ወረቀቷን ዘርግታ ሦስቱን ቦታ ሰረዘች። ከዚያ አያቷ ዘንድ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች። አባቴ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ማምሻውን ዕረፊ። ሲነጋ ግን ጠይቂ» አሏት።

ማንን እንደምትጠይቅ አልነገሯትም። እኔም አላውቅም።