ደህና ነኝ ብላችሁ የግፊት መድኃኒት አታቋርጡ

ማታ ከቤተሰቡ ጋር በልቶ የተኛ ጎልማሳ ጠዋት አፉ ተጣሞ፣ አንድ እጁና እግሩ አልታዘዝ ብለውት ሲገኝ፣ በሮቢትም ሆነ በሌላው የራያ ቆላ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከትናንትናው ውሎ ነው፤ ተናዶ ነበር፣ ምች መትቶት ነው፣ ዓይን ነው ይባላል። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ወደ አንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያልታከመ ግፊት ዘወትር ሲደበድባቸው ግድግዳቸው ይሳሳል፤ በመጨረሻም ፈንድተው አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ያስከትላሉ። አብሮ የተወለደ የደም ሥር ጉድለት፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒትና እርጅናም ያመጡታል፤ ዋናው ግን ግፊት ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ የሐኪም አቅም ውስን ነው። ግፊቱን በጥንቃቄ ያወርዳል፣ የታማሚውን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ራስ ቅል ከፍቶ ደሙን ማውጣት የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነው። ከ10 ታማሚዎች 4 ያህሉ በ1 ወር ውስጥ ይሞታሉ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ለመልበስም ለመጉረስም የሰው እጅ ይጠብቃሉ። አጥብቄ የምመክረው ደሙ ሳይፈስ በፊት ስለሚወሰደው ክኒን የሆነው ለዚህ ነው።

«ምንም ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ቢጠላ አይፈረድበትም። ነገር ግን ግፊት ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግፊት ካለባቸው ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። «አንዴ ከተጀመረ አይተውም» ለሚሉም፣ አዎ፣ ብዙውን ጊዜ አይተውም፤ ክኒኑ ግፊቱን የሚይዘው እየተወሰደ እስካለ ድረስ ነውና። ልኬቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው፤ ስታቆሙት ተመልሶ ይወጣል። በረመዳን የምትጾሙ ደግሞ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ሱሑር ሊያዛውርላችሁ ይችላል። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን አትጣሉ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታውቀው ነበር። ለግፊትም ያው ነው።

ሰው በድንገት አንደበቱ ከተያዘ፣ ግማሽ አካሉ ከሰነፈ ወይም በከባድ ራስ ምታት እያስመለሰ ከወደቀ፣ ወተትም ውኃም አታጠጡት፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም አትስጡት፤ ደም ፈሶ ከሆነ ያባብሰዋል፤ የፈሰሰን ደም የደም ሥር ከዘጋ የረጋ ደም የሚለየው ደግሞ ሲቲ ስካን እንጂ ዓይን አይደለም። በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው መኪና ፈልጉና ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል አድርሱት፤ ደሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እየሰፋ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ ደህና የሆናችሁ ደግሞ፣ 30 ዓመት ካለፋችሁ፣ በሚቀጥለው ገበያ ስትወጡ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ግፊታችሁን ተለኩ።