ቀይ ሥሩን ከነቅጠሉ ግዢ

ልጄ፣ ስለ ባልና ስለ አማት የሚመክሩሽ በሠርግሽ ሰሞን ሞልተው ነበርና ያንን ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የምመክርሽም ስለ ጓዳሽ ነው። ባልሽም ቢሰማ አይጎዳውም፤ ዘንድሮ ወንዱም ሽንኩርት ይከትፋል።

ጉልት ወርደሽ ቀይ ሥር ስትገዢ ነጋዴዋ ቅጠሉን ቆርጣ ወደ ጎን ስትጥለው አንቺም ዝም ትያለሽ። ያ ቅጠል ማታ ለሰፈሩ በግ ይሰጣል። ከአንቺ ይልቅ በጓ የተሻለውን በላች ብልሽ ቀልድ ይመስልሻል፤ እስቲ ቁጥሩን ስሚው። መቶ ግራም ጥሬ የቀይ ሥር ቅጠል 117 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ሥሩ ግን 16 ብቻ። ብረት በቅጠሉ 2.6 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን በሥሩ 0.8 ነው። ቫይታሚን ሲ በቅጠሉ 30 ሚሊግራም ይደርሳል፤ በሥሩ 5 አይሞላም። ሰውነት ቫይታሚን ኤ የሚሠራበት፣ ከዳፍንት የሚጠብቀው ቤታ ካሮቲንማ ቅጠሉ ላይ ሞልቶ ሥሩ ላይ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የቅጠሉ ዘመዶች እነ ቆስጣና ስፒናች ናቸው፤ እነሱን በገንዘብሽ እየገዛሽ ይኼን በነፃ ትጥይዋለሽ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

ሰውን የሚያታልለው የሥሩ መቅላት ነው። "ደም ይሆናል" እየተባለ ለወላድ የሚጨመቀው ቀይ ሥር ቀለሙን ያገኘው ቤታሌይን ከሚባል ንጥረ ነገር እንጂ ከብረት አይደለም። ሥሩን መናቄ ግን እንዳይመስልሽ፤ ነፍሰ ጡር የምትፈልገው ፎሌት ከቅጠሉ ይልቅ በሥሩ ይበዛል። ሁለቱንም ብዪ ነው የምልሽ፤ ዋጋውን እንደሆን አንዴ ከፍለሻል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ቅጠሉን ከአገዳው ለይተሽ በብዙ ውሃ እጠቢ፤ አፈር ይወዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላይና አገዳውን አስቀድመሽ ጨምሪ፤ ከቅጠሉ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ቅጠሉን ኋላ ከትተሽ ጨውና ቃሪያ አድርጊበት፣ ብዙም ሳይቆይ አውጪው። ዘይቱን አትሰስቺ፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ስታቀርቢው ሎሚ ጭመቂበት፤ ቫይታሚን ሲ የቅጠሉን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ሻይና ቡናው ግን ይቆይ፤ በምግብ ላይ ከተጠጣ ብረቱን ይይዘዋል። ደም አነሰኝ እያለች በየምግቡ መካከል ጥቁር ሻይ የምትጠጣ ስንት ሴት አይቻለሁ መሰለሽ!

የሽፈራውን ዛፍ ነገር ተመልከቺ። ኮንሶዎች ዛፉን በየጓሯቸው ተክለው ቅጠሉን ከጥንት ጀምሮ እንደ ጎመን ይበሉታል፣ ኩርኩፋ ከሚባለው የእህል ምግባቸው ጋር ይቀርባል። የእኛ ከተሜ ደግሞ ያንኑ ቅጠል ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ሲመጣለት መድኃኒት ነው ብሎ ይሻማል። መግዛቱን አልከለክልሽም። ዱቄቱን ገዝቶ ትኩሱን የቀይ ሥር ቅጠል መጣል ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የተባለውን ያስታውሰኛል።

የዱባውንም ፍሬ አትድፊው። እናቶቻችን ለኮሶ ይሰጡት ነበር፤ እኔ የምልሽ ግን ለምግብነቱ ነው። ከመቶ ግራም የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 30 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ማግኒዥየሙ ከ500 ሚሊግራም ይበልጣል፤ ዚንክም ከ7 ሚሊግራም ያላነሰ አለው። በጾም ወራት ሥጋም እንቁላልም ከቤት ሲጠፋ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ምጣድ ላይ ቆልተሽ ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅዪው። ለትንንሽ ልጆች ግን ወቅጠሽ እንጂ ፍሬውን እንዳለ አትስጪ፣ ያንቃቸዋል። ለጋው የዱባ ቅጠልም ይበላል።

ስለ ልጣጭ ብዙ አልልሽም። ካሮትን ፋቂው እንጂ አትላጪው። ድንችን ከነልጣጩ ቀቅዪ፤ ተልጦ ሲቀቀል ቫይታሚን ሲና ፖታሲየሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የጥቅል ጎመንን አረንጓዴ የላይ ቅጠል ነጩ እስኪመጣ ድረስ እየገፈፉ መጣል ደግሞ ሲያጌጡ ይመላለጡ ነው፤ ካሮቲኑ ያለው አረንጓዴው ላይ ነው። ትል የበላውንና የበሰበሰውን ጥለሽ ሌላውን ክተፊው። ጎመን በጤና ያሉት አባቶች ነጩን ለይተው አልነበረም።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፣ የሚጣለውን ሁሉ ብዪ አላልኩሽም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። የድንች ቅጠል ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው፤ ድንቹም አረንጓዴ ሲሆንና ሲጎነቁል ያንኑ መርዝ ያበዛል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ዱባ ቀምሰሽ እንደ እሬት ከመረረሽ ሳታመነቺ ድፊው፣ ምሬቱ ራሱ መርዝ ነው። አዲስ አበባ ያለሽ ደግሞ ቅጠሉ የት እንደበቀለ ጠይቂ። በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ደግሞ ማጠብ አያወጣውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥሩ ነው ተብሎም ዕለት በዕለት አይጋፈፉበትም፤ አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል። የቀይ ሥር ቅጠል ኦክሳሌት ስለሚበዛው የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ይራቀው። ኩላሊቱ የደከመም ፖታሲየሙ ይከብደዋል። ቫይታሚን ኬውም ብዙ ነው፤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ቅጠል በድንገት ካበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንስበታል። ከቤተሰባችሁ ይኼን መድኃኒት የሚወስድ ካለ ቅጠሉን ከማቅረብሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂለት።