የጎመን ምንቸትና የጾመኛ ማዕድ



መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ እሸትም በየማሳው ሲታይ፣ በብዙ የሀገራችን ክፍል «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። የአባባሉ ምክንያት ለሁላችን ግልጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የተወቃው እህል ሐምሌ በደረሰ ጊዜ ከጎተራው ግርጌ ላይ ይገኛል፤ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ወራት መካከል የደሀውን ቤት የሚያኖረው፣ ክረምቱ በጓሮ ያበቀለው ጎመን ነው። እንግዲህ እሸት በደረሰ ጊዜ ሰው ደስ ቢለው አያስደንቅም፤ እኛም ደስታውን ለመንቀፍ የተነሣን አይደለንም። ነገር ግን ሐምሌንና ነሐሴን ልጆች ሲያሳድር የከረመው ምንቸት፣ ገንፎ በታየ ማግሥት እንደ ባለዕዳ ተገፍቶ ሲወጣ፣ ያ ምንቸት ስለ እኛ ምን ይናገር ይሆን ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ይልቁንም የገንፎው ምንቸት በመስከረምም ሆነ በጥር ያልገባበት ቤት በአጥር ማዶ መኖሩን ስናስብ ጥያቄው ይከብዳል።

«የጓሮ አትክልት ነገር የእርሻ ሊቃውንት ጉዳይ ነው እንጂ የመንፈሳዊ መጽሔት ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። የሰው የመጀመሪያ መኖሪያ ከተማ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ገነት ነበረ እንጂ፤ ገነት ማለትም የአትክልት ቦታ ማለት ነው። አዳም በዚያ የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ያስረዳል። ይህ ሥራ የተሰጠው ከበደል በፊት ስለ ሆነ፣ መሬት መቆፈር በራሱ ርግማን ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን ሳይመረምሩ ተናግረዋል፤ ርግማኑ እሾሁና አሜከላው፣ ድካሙና ላቡ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በ3ኛው ምዕራፍ ነገሩን አስፍቶ ይተርካል፤ አዳም 7 ዓመት በገነት ሲሠራ እንደ ኖረ፣ ሥራውንም ያስተማሩት መላእክት እንደ ሆኑ፣ ገነቲቱንም ከወፎችና ከአራዊት ይጠብቅ እንደ ነበረ፣ ከበላውም የተረፈውን ያስቀምጥ እንደ ነበረ ይነግረናል። ይህ መጽሐፍ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ሳይገባ ሲቀር በእኛ ዘንድ ተጠብቆ ኖሯል። ስለዚህ በማሳ ዳር ወፍ ስትጠብቅ የምትውለውን የገበሬ ልጅ «የአዳምን የመጀመሪያ ሥራ ትሠሪያለሽ» ሊሏት የሚገባቸው የእኛ ካህናት ናቸው።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የመነኮሳት አባት የአባ እንጦንስ ሥራ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፣ አባ እንጦንስ ወደ ውስጠኛው በረሓ ከገባ በኋላ፣ ወንድሞች እንጀራ ተሸክመውለት ያን የመሰለ መንገድ ሲደክሙ ተመልክቶ አዘነላቸው። ስለዚህ መቆፈሪያና ምሳር፣ ጥቂትም ዘር እንዲያመጡለት ለመነ። በተራራው ግርጌ ውኃ የሚደርስበትን ትንሽ ስፍራ ፈልጎ ዘራ፤ ለእንጀራውም የሚበቃውን አገኘ፤ በማንም ላይ ሸክም ባለመሆኑም ደስ አለው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ራስን ስለ መቻል የተነገረ መልካም ምሳሌ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን እንግዶች እየበዙ መምጣታቸውን ባየ ጊዜ ጥቂት አትክልት ጨምሮ ተከለ፤ ይኸውም ያን አስቸጋሪ መንገድ የተጓዘ ሰው በጥቂቱም ቢሆን እንዲጽናናበት ነው። እህሉን ለራሱ ዘራ፤ አትክልቱን ግን ለእንግዳ ተከለ። ውኃ ለመጠጣት የሚመጡ አራዊት ተክሉን ባበላሹበት ጊዜ እንኳ ከእነርሱ አንዱን በየዋህነት ይዞ፣ ሳይበድላቸው ስለ ምን እንደሚበድሉት ጠይቆ፣ በእግዚአብሔር ስም አሰናበታቸው፤ ከዚያም በኋላ ወደ ስፍራው አልቀረቡም። በእኛ ጓሮ የጎረቤት ዶሮ በገባች ጊዜ የምናነሣውን ድንጋይና በባለቤቲቱ ላይ የምናወርደውን ቃል አስበን ይህን ገድል ብናነበው፣ ከጉባኤ በላይ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ጾሙ ነገር እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ ከበዓለ ኀምሳ በቀር በዓመቱ ረቡዕና ዓርብ፣ በሌሎቹም አጽዋማት ከሥጋና ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቍላል እንድንከለከል ታዝዛለች። በእነዚህ ቀኖች የማዕዳችን ጌታ አትክልትና ጥራጥሬ ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሥ ማዕድ ተከልክለው ጥራጥሬና ውኃ በመረጡ ጊዜ፣ ከ10 ቀን በኋላ ፊታቸው ከሌሎቹ አምሮ መታየቱን ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ግን በከተሞቻችን የጾም ኬክ፣ የጾም ወተት፣ የጾም በርገር የሚባል ነገር በዝቷል። ይህን የሚበላ ሰው የጾምን ሕግ አፍርሷል አንልም፤ ቅቤ የለበትምና። ሆኖም የጾም ማዕድ ከፍስክ ማዕድ የበለጠ ዋጋ የሚወጣበት ከሆነ፣ ከምን እንደ ተከለከልን ልናውቅ ያስቸግረናል። እስራኤልም በምድረ በዳ ወደ ግብፅ ባርነት ልባቸውን ከመለሱት ነገሮች መካከል ዱባና ሽንኩርት ነበሩበት፤ አትክልት መብላት ብቻውን ሰውን መንፈሳዊ አያደርገውም።

እረኛው የተባለው የሄርማስ መጽሐፍ፣ ከጥንት ወደ ግእዝ ተተርጕሞ የሚገኘው፣ በዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ያስተምራል። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ፣ ያንኑ ለመበለት ወይም ለድኻ አደግ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ሒሳብ በጓሯችን እናውለው። ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ድንቹን ከገበያ ሳይሆን ከጓሮው የሚያመጣ ቤተሰብ፣ ከሥጋውም ዋጋ ከአትክልቱም ዋጋ ተርፎታል። ጾሙ አንድ ጊዜ፣ ጓሮው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አትርፎለታል። ይህ ትርፍ የማን ነው? ጌታችን ፈሪሳውያንን ሲወቅስ፣ ከጤና አዳምና ከአትክልት ሁሉ ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና የእግዚአብሔርን ፍቅር መተዋቸውን ነው የነቀፈባቸው። ጤና አዳም በእኛ ጓሮ ሁሉ የሚገኝ፣ በቡናና በአይብ የምንጨምረው ቅጠል ነው። እነርሱ ያን ቅጠል እንኳ እየቈጠሩ ዐሥራት ያወጡ ነበር፤ እኛ ከነአትክልቱ ለራሳችን የምናስቀረው ከሆነ በምን እንበልጣቸዋለን?

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንናገር፤ ሥራውን የሚያውቁ እናቶች ይታገሡን። ጎመን ብዙ ቦታ አይፈልግም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ መደብ፣ አመድና የበሰበሰ ፍግ ከተጨመረባት፣ ምስርና ሽምብራ የታጠበበት ውኃም ከተደፋባት፣ የአንድ ቤተሰብን ጎመን ለብዙ ጊዜ ትሰጣለች። ግንዱን ሳይነቅሉ ከታች ያሉትን ቅጠሎች እየቀነጠሱ ቢወስዱ ከላይ እየለመለመ ይሄዳል። ጓሮ የሌለው ሰው በአሮጌ ጀሪካንና በጆንያ አፈር ሞልቶ ሊተክል ይችላል፤ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ዛሬ እንዲህ ያደርጋሉ። ዱባ በአጥር ላይ ይወጣል። ሁለት ሦስት የጎመን ግንድ ሳይቀነጠስ ቢተው ያብባል፤ ዘርም ይሰጣል። ያ ጎመን ዘር ደግሞ ተወቅጦ ምጣዱ ይታሰስበታል፤ ስለዚህ የጎመኑ ምንቸት ከቤት ቢወጣም ዘሩ ከምጣዳችን አልወጣም። እንግዳ ተክል ሁሉ ለጾም ማዕድ አይገባም የሚል ካለም፣ ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ወጥተው ባሕር ተሻግረው የመጡ መሆናቸውን፣ ድንችም ወደ ሀገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መሆኑን ያስታውስ። እናቶቻችን እነዚህን መጻተኞች ተቀብለው በወጣቸው ውስጥ ባለቤት አደረጓቸው፤ እንግዳ መቀበል በድስትም ይጀምራል ማለት ነው።

ሲበስልም ጎመን መታጠብ ያለበት ሳይከተፍ ነው፤ ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ወይም ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ፣ ቫይታሚን የሚባለው ጥቅሙ ከውኃው ጋር ይፈስሳል። ሽንኩርቱን በዘይት አቍላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሮ፣ ጎመኑን በጥቂት ውኃ ከድኖ ማብሰልና ሊወርድ ሲል ቃሪያ ጣል ማድረግ ይበቃል። በሽሮው ወይም በምስሩ አጠገብ ሲቀርብ ሎሚ ቢጨመቅበት፣ በጥራጥሬውና በቅጠሉ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። እርጉዝ ሴቶችና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በድስት ውስጥ የሚገባውን ማወቅ ግን የነፍስም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን በጌልገላ ራብ በሆነ ጊዜ፣ ከነቢያት ልጆች አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ቅል በልብሱ ሞልቶ አመጣ፤ ከትፎም በምንቸቱ ጨመረው። በቀመሱትም ጊዜ ሞት በምንቸቱ ውስጥ እንዳለ ጮኹ፤ ነቢዩም ዱቄት ጨምሮ አዳናቸው። ያ ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ ራብ ነበረበት እንጂ። በዘመናችንም በአዲስ አበባ ዙሪያ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ውኃ አትክልት ይለማል፤ መርማሪዎችም በዚያ አትክልት ውስጥ ሰውን የሚጎዱ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። በዚያ ወንዝ ዳር የሚያለሙት ገበሬዎች ሌላ ውኃ የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ መፍረድ አይገባንም። ፍሳሹን ወደ ወንዙ የሚለቅ ሰው ግን፣ ቅዳሜ ማታ ለንስሓ አባቱ ይህንም ይናገር ዘንድ ያስፈልገዋል ብለን እናምናለን።

ደግሞም ጓሮ የቅንዓትና የክርክር ቦታ ሊሆን እንደሚችል መርሳት አይገባም። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን ወይን የተመኘው ለሌላ አይደለም፤ ከቤቱ አጠገብ ስለ ነበረ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነው። በጎመን መደብ ምክንያት የንጹሕ ሰው ደም ፈሰሰ። ዛሬም አንድ ክንድ በማይሞላ የአጥር ድንበር ምክንያት ሁለት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ቅዳሴ ቆመው፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የእነዚህን ሰዎች ድንበር ሽማግሌ ሳይለይ፣ ካህኑ ስለ ጓሮ አትክልት ቢያስተምር ከንቱ ድካም ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛውና በ23ኛው ምዕራፍ፣ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውለት ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ በሰፊ እርሻ ብቻ የሚፈጸም አድርገን ልንወስደው አይገባም፤ በአንዲት መደብም ዳርቻ አለ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ክርስቲያን ከጎመኑ መደብ አንዱን ተራ፣ በጆንያ የተከለም አንዱን ጆንያ፣ የራሱ አይደለም ብሎ ይለይ። ተራው ከሌሎቹ ያነሰ ፍግ አይደረግበት፤ ቃየል ያቀረበው የምድር ፍሬ መሆኑን እናስብ። ሰንበቴ ያላቸው አጥቢያዎችም በጾም ወራት ለነዳያን የሚቀርበውን ወጥ ከየቤቱ በሚመጣ አትክልት ቢሠሩት፣ ከማኅበሩ ገንዘብ የሚተርፈው ለጤፍና ለዘይት ይሆናል። ፍልሰታ ጎመን በሚለመልምበት፣ ጎተራ ግን በሚጎድልበት ወር ላይ የሚውል ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል ጾም የለም።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለነገው ጾም ጎመን የምትቀነጥስ እናት ወይም የቤቱ ልጅ፣ እጃቸው ከዚያች ከተለየችው ተራ ሲደርስ ለማን እንደሚቀነጥሱ በስም ይወቁ። ተቀባዩ የታመመ ወይም ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ከሆነ አብስሎ፣ እንጀራም ጨምሮ መውሰድ ይገባል፤ ማገዶ ለሌለው ሰው ጥሬ ጎመን ግማሽ ስጦታ ነውና። ሳህኑንም በማግሥቱ ራሳችን ሄደን እናምጣው፤ የተቸገረ ሰው ሳህን መላሽ ሆኖ በደጃችን መቆም የለበትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።