የጸደይ ምልክቱ አበባው ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዲስ አበባ ውስጥ ዓይን ላለው ሰው የማይሰወሩ ለውጦች ይጀምራሉ። ለሱብሒ ሶላት የወጣ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ሰማዩን በምሥራቅ በኩል ጠርቶ ያገኘዋል። ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የከረመው ዝናብ ከቀትር በኋላ ደርሶ የሚመለስ እንግዳ ይሆናል። እንጦጦ ከጉሙ ይወጣል። በየቦዩ ዳርና በየአጥሩ ሥር አደይ ቢጫዋን ብቅ ታደርጋለች፤ በየመንገዱ ጥግ የበቆሎ እሸት በከሰል ይጠበሳል። ይህን ጊዜ ሁላችንም ባንድ አፍ «ክረምቱ ወጣ፣ ጸደይ ገባ» እንላለን።

ለነገሩ በአገራችን የጥንት የዘመን አቆጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው የአበባው ወቅት ትክክለኛ ስሙ መፀው ነው። ሬዲዮኑም ሕዝቡም መስከረምን ጸደይ ካለ ግን እኔም ከሕዝቡ አልለይም። ሆኖም ጥንታውያኑ ጸደይን ከአበባው ወር አርቀው የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ከሚወድቅበት ጊዜ ጋር ማገናኘታቸው ዛሬ ላነሣው ለፈለግሁት ነገር በር ይከፍትልኛል።

ነገሩ ይህ ነው። እኛ የጸደይ መጀመሪያ ምልክት የምንለው አበባውን ነው። ቁርኣን ግን ምድር ከሞተች በኋላ ሕያው ስለመሆኗ ሲናገር ዓይናችንን የሚያዞረው ወደ ሌላ ቦታ ነው። በሱረቱ ፉሲለት ቁጥር 39 ላይ የተገለጸችው ምድር ጸጥ ያለች፣ የተዋረደች ምድር ናት፤ ውሃ ሲወርድላት ትንቀሳቀሳለች፣ ታብጣለችም። ከዚያ ወዲያው ንግግሩ ይህችን ሕያው ያደረገው ሙታንንም ሕያው አድራጊ ወደ መሆኑ ያልፋል። በሱረቱል ሐጅ ቁጥር 5 ደግሞ ያማረው ዕፅዋት ቢጠቀስም የሚቀድመው የምድሪቱ መንቀጥቀጥ ነው። ማስረጃው የቆመው ባዶው አፈር ላይ ነው ማለት ነው። ፉሲለት ላይ ምድሪቱ የተጠራችበት «ኻሺዓህ» የሚለው ቃል ሁላችንም በሶላት ከምናውቀው ኹሹዕ ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ምድር ዝናቡን የምትጠብቀው ሰጋጅ በሚቆምበት ሁኔታ ነው።

አበባውስ? «ዘህራ» የሚለው የዐረብኛ ቃል አበባ ማለት ነው። በሱረቱ ጣሃ ቁጥር 131 የመጣው ግን የቅርቢቱ ሕይወት ጌጥ ሰዎችን መፈተኛ መሆኑን ለማስጠንቀቅ ነው። ገበሬውን ደስ ያሰኘው ለምለም ቡቃያ በሱረቱል ሐዲድ ቁጥር 20 ሲነሣም ወዲያው ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ስብርባሪ ይሆናል። እንግዲህ ምልክቱ ጭቃው ዘንድ፣ ማስጠንቀቂያው አበባው ዘንድ ተቀምጧል። እኛ ደግሞ በሐምሌ ጭቃውን ስናማርር ከርመን በመስከረም አበባውን ስናይ ብቻ «ሱብሓነላህ» እንላለን።

በሰሜኑ ዓለም የሚኖሩ ወገኖቻችን ጸደይን የሚያውቁት በረዶው ሲቀልጥና ሙቀት ሲመለስ ነው። እኛ ዘንድ ምድርን የሚቀሰቅሳት ውሃ ነው፤ በዚህ በኩል ከእነርሱ ይልቅ ለሒጃዝ እንቀርባለን። ፀሐይ ወደ ደቡብ ባዘነበለች መጠን የዝናቡ መቀነት ይከተላታል፤ ስለዚህ ክረምቱ ሰሜኑን እየለቀቀ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይህን ምክንያት ማወቅ ምልክትነቱን አይሽረውም። የሚሽረው ምክንያቱን ያቆመውን መርሳት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሑደይቢያ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት ዝናቡን ከአላህ ችሮታ በሚያየውና ከኮከብ በሚያየው መካከል ያለውን ልዩነት ለባልደረቦቻቸው ያስተማሩት ለዚህ ነው። ዝናብ ሲጥልም ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ገላቸውን ያስነኩት እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ያወሩት ሐዲስ ሙስሊም ዘንድ ተመዝግቧል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ዝናቡ ከጌታው ዘንድ የመጣው ገና በቅርቡ መሆኑን ነገሩ። እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ከዚሁ ዝናብ ፊታችንን እንሸሽጋለን።

አባቴን ኮልፌ የቀበርነው በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ዝናብ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃ እየያዘ ያስቸግር ስለነበር ወጣቶቹ በጣሳ እየቀዱ ያፈሱ ነበር። ቤት ስደርስ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀይ ጭቃ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በር ላይ ተቀብላኝ ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ አያቴ ከዚህ ሁሉ ጭቃ እንዴት ነው የሚወጣው?» አለችኝ። ሀዘንተኞቹ መካከል የነበሩ አንዲት እናት «ዝም በይ፣ እንዲህ አይባልም» ብለው ሊቆጧት ነበር። እኔ ግን ተዉአት አልኳቸው።

ለምን ተዉአት አልኩ? ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የተከበረ ጥያቄ ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሙታን እንዴት እንደሚነሡ እንዲያሳያቸው ጌታቸውን መጠየቃቸው በሱረቱል በቀራ ቁጥር 260 ተነግሯል። አላመንክምን ሲባሉ አምኛለሁ፣ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው አሉ፤ ጌታቸውም አልተቆጣቸውም፣ አሳያቸው እንጂ። በሱረቱ ያሲን መጨረሻ ላይ የበሰበሰ አጥንት እያነሣ የተከራከረው ሰው የተወገዘው ስለጠየቀ አይደለም። የራሱን አፈጣጠር ረስቶ በማላገጡ ነው። ልጄ አላላገጠችም። ያየችውን ጭቃ ነው የጠየቀችው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። በሁለቱ የቀንድ መነፋቶች መካከል አርባ አለ ይላል። አርባ ቀን ነው? አርባ ወር ነው? አርባ ዓመት ነው? ብለው ቢጠይቋቸው አቡ ሁረይራ አንዱንም አልናገርም አሉ፤ ያልሰሙትን ላለመጨመር ማለት ነው። (ዛሬ ስለ ቂያማ ቀን ቀጠሮ ሰጥተው የሚያወሩ ሰዎች ይህቺን ዝምታ ቢማሩልን እንዴት ጥሩ ነበር!) ከዚያ አላህ ከሰማይ ውሃ ያወርዳል፤ ሰዎችም ቅጠላ ቅጠል እንደሚበቅል ሆነው ይበቅላሉ። ከሰው አካል ከጀርባ አጥንት መጨረሻ ካለችው ትንሽ አጥንት በቀር የማይበሰብስ የለም፤ በቂያማ ቀን ፍጥረቱ የሚገጣጠመው ከእርሷ ነው። ይህን ለልጄ እንደምትረዳው አድርጌ ነገርኳት። እስቲ ልብ በሉ፣ ከዝግባና ከዋርካ ይልቅ ለምሳሌነት የተመረጠው ማንም ረግጦት የሚያልፈው ቅጠል ነው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ጠዋት የግቢያችንን ጥግ አሳየኋት። አደይ አበባ ዓመታዊ ተክል ናት። ካበበች በኋላ ትደርቃለች፣ ፍሬዋ ይረግፋል፣ በጋውን ሙሉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ሰው ይመላለስበታል፣ የልብስ እጣቢ ይደፋበታል። ዝናቡ ሲጥል ይበቅላል። ሐምሌ ላይ ያለችውን አደይ ግን ማንም አደይ ብሎ አይጠራትም፤ አረም ናት። ግቢያችንን ሊያጸዳ የሚመጣው ሰውዬ ሁሉንም ባንድነት በመኮትኮቻ ሊያነሣው ሲል ያቺን ጥግ ተውልን አልነው። ልጄ በትምህርት ቤት ማስመሪያዋ በየጁሙዓው ትለካት ጀመር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ማስመሪያው አነሰ። ጥያቄዋ በዚህ አለቀላት አልልም፤ ያን ዓመት ደጋግማ ጠይቃኛለች፣ እኔም ደጋግሜ መልሻለሁ። ጳጉሜን ላይ አበባው ሲፈነዳ ግን ከሁላችንም ያልተገረመችው እርሷ ነበረች። ከሥሩ ታውቀዋለቻ!

ስለ ወራት ካነሣን አይቀር፣ «ረቢዕ» በዐረብኛ ጸደይ ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን የልቤ ረቢዕ አድርግልኝ ብሎ መለመንን እንዳስተማሩ ኢማም አሕመድ ዘግበዋል። ረቢዐል አወል ወር ግን የጨረቃ ወር በመሆኑ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተጎተተ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. የወሩ 12ኛ ቀን አንድ ጊዜ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ዓመት ሁለቴ ውሎልናል። ከዚያ ወዲህ ጉዞው ወደ ነሐሴና ወደ ሐምሌ ነው። ስሙ ጸደይ የሆነው ወር ወደ ጭቃው እየገባ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አበባው እንመለስ፤ ማስጠንቀቂያውን በደንብ የገለጠው ሐዲስ ለገበሬ ልጆች በቀላሉ ይገባቸዋል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ተቀምጠው ከእርሳቸው በኋላ ለተከታዮቻቸው ከሚፈሩት ነገር አንዱ የሚከፈትላቸው የዱንያ አበባና ጌጥ መሆኑን ተናገሩ። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ መልካም ነገር መጥፎ ያመጣልን? አለ። ዝም አሉ፤ ቆይተው ላቡን ከፊታቸው ጠረጉና መለሱ። መልካም ነገር መልካምን እንጂ አያመጣም፤ ነገር ግን ጸደይ ከሚያበቅለው ሣር ከብትን ነፍቶ የሚገድል ወይም ለሞት የሚያቀርብ አለ። የምትተርፈው በልታ ጎኖቿ ሲሞሉ ወደ ፀሐይ ዞራ የምትቆመው፣ ያለባትን አውጥታ ከዚያ እንደገና የምትሰማራው ናት።

እኔ ያደግሁት ደሴ ዙሪያ ባለው ደጋ ነው። እዚያ መስከረም ሲጠባ መስኩን ሁሉ የሚሸፍን ማገጥ የሚባል ለስላሳ ባለ ሦስት ቅጠል ተክል አለ። ከብት ይወደዋል። ጠል ሳይለቀው በባዶ ሆዱ የገባበት በሬ ግን ሆዱ ውስጥ አረፋ እየተጠራቀመ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠርና በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ክረምቱን ሙሉ በረሃብ ያልሞተ በሬ ጥጋብ ይገድለዋል! አያቴ በዚያ ወቅት ከብቶቹን ጭድ ሳያቀምስ፣ ጠሉም ሳይረግፍ ወደ መስኩ አይለቅም ነበር። ሣሩን ግን አልጠላውም፤ ላሞቹ ወተት የሚሰጡት በእርሱ ነበርና።

የመርካቶ ነጋዴ ወንድሞቼ ይህን ሐዲስ ከእኔ በተሻለ ይተረጉሙታል። ገበያው የሞላልህ ዓመት መስከረምህ ነው። በልተህ ወደ ፀሐይ ዞረህ ቆመሃልን? ዘካህ ወጥቷልን? ሱቅህ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ደመወዝ ስንት ወር ቆይቷል? ዓመቱን በብድር ያለፈ ሰው በአንድ ወቅት ትርፍ ሁለተኛ ሱቅ፣ ሦስተኛ ሱቅ እያለ ሲወጠር አይተናል። አወጋገዱ ሳይታሰብ የሚጨመረው ጉርሻ ነው የሚያፍነው።

ጓሮ ለሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ የቀለም ጣሳና የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ሁለት እግር ጎመን ይበቅልበታል። ሙስሊም ከተከለው ሰውም ይብላው ወፍ ወይም እንስሳ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ ይትከለው የሚለውም ከአነስ (ረ.ዐ.) ተወርቷል። ችግኙ ሳያብብ እንደሚቀር እየታወቀ እንዲተከል መታዘዙን አስቡት።

የመስቀል ወፍ የሚባሉትን ወፎችም ተመልከቱ። ሰው መስከረም ላይ መጥተው ከዚያ የሚጠፉ ይመስለዋል። የትም አይሄዱም። ወንዱ በመራቢያው ወራት ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጦቹ መካከል ሲለቅም ይውላል። እኛ ግቢ ውስጥ ታኅሣሥና ጥር ላይ የጤፍ ገለባ ስናራግፍ በመንጋ ይመጣሉ። ከልጄ ጋር ሆነን የትኛው መስከረም ላይ ቀይ እንደነበረ ለመለየት ብዙ ሞክረናል፤ እስካሁን አልቻልንም። ወሏሁ አዕለም።